ካርታውን ለልጆቻችን ብቻ አንተወው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ከጁሙዓ በኋላ ስለ አንድ ስፖርት ሳነሳ አንዳንድ ወንድሞች ሳቁ። «አባወራ ሆኖ ጫካ ለጫካ ጨርቅ ፍለጋ?» አሉኝ። መሳቃቸው አይከፋም። ጉዳዩ ግን በሳቅ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ፣ በተለይ እዚህ ስዊድን ለምትኖሩ ወላጆች ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ።

ስፖርቱ ኦሪየንቲሪንግ ይባላል። ካርታና ኮምፓስ ይሰጥሃል፤ ካርታው ላይ በቁጥር የተመለከቱትን ነጥቦች በቅደም ተከተል እያገኘህ ወደ መጨረሻው ትደርሳለህ። በየነጥቡ ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ከአንዱ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደምትሄድ ግን የሚነግርህ የለም። ኮረብታውን ቀጥ ብለህ ትወጣዋለህ ወይስ በእግር መንገዱ ትዞራለህ? ውሳኔው ያንተ ነው። ጉልበት ብቻውን እዚህ አይበቃም። በማይሆን አቅጣጫ የሚሮጥ ጎረምሳን ቆም ብሎ የሚያይ የስልሳ ዓመት ሰው ይቀድመዋል።

ነገሩ የተወለደው በዚሁ በሰሜን አውሮፓ ነው። መጀመሪያ የወታደሮች ልምምድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ኧርንስት ኪላንደር የሚባል መኮንን ወጣቱ ከሩጫ እየራቀ መሄዱ አሳስቦት ስቶክሆልም አጠገብ ትልቅ ውድድር አዘጋጀ፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ስፖርት ሆነ። ኦ-ሪንገን የሚባለው የበጋ ውድድር ከ1965 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሳተፍበታል፤ የአሥር ዓመት ልጅም የሰማንያ ዓመት አያትም በየዕድሜያቸው ይወዳደራሉ። ስለዚህ «ለወጣት ነው» የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጆቻችን ይህን ትምህርት ቤት ይማሩታል፤ በስዊድን የስፖርት ትምህርት ውስጥ በካርታ አካባቢን ማወቅ አለበት። እኛስ? ከቤት ባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያ ሥራ፣ ከሥራ መስጂድ። አሥራ አምስት ዓመት ኖረን ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጫካ የማናውቅ ብዙ ነን። የመጣልንን ደብዳቤ የሚያነብልን ልጅ ነው። ሐኪም ፊት የሚያስተረጉምልን ልጅ ነው። ስልኩን የሚያስተካክልልን፣ መንገዱን የሚመራን ልጅ ነው። አባት የሚባለው ሰው ከኋላ ተከታይ ሆኖ ሲቀር ልጁ ምን እያየ ያድጋል? ብዙ የቤት ችግር ከዚህ ይነሳል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ነው ኦሪየንቲሪንግ የሚለየው። ካርታው ስዊድንኛ አይጠይቅም። ምልክቶቹ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስዊድን የተማራቸው ሰው ሌላ አገር ሄዶ ያነባቸዋል። ቋንቋ የሚያንገዳግደው አባት ከማንም እኩል የሚቆምበት ቦታ በዚህ አገር ስንት ነው?

ፊደሉ ጥቂት ነው። ነጭ ማለት ባዶ መሬት አይደለም፣ እንደ ልብ የሚሮጥበት ጫካ ነው። ሜዳው ቢጫ ነው። አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ጫካው ለመግባት ያስቸግራል። ሰማያዊ ውሃ፣ ጥቁር ቋጥኝና መንገድ ነው። ቡናማዎቹ መስመሮች ከፍታ ያሳያሉ፤ ከተጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከተራራቁ ለጥ ያለ። መለኪያው 1:10,000 ከሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር መቶ ሜትር ነው። በመቶ ሜትር ስንት እርምጃ እንደምትራመድ አንዴ ከቆጠርክ ርቀትን በእግርህ ትለካለህ። ካርታውን ሁልጊዜ ከሰሜን ጋር አስተካክለህ ያዝ፤ ስትዞር አንተ ትዞራለህ እንጂ ካርታው አይዞርም። አውራ ጣትህን ያለህበት ቦታ ላይ አሳርፍ፤ እየሄድክ አንቀሳቅሰው። ጀማሪን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ አለማወቅ አይደለም፤ ካርታውን ሳያይ ረጅም መሄድ ነው።

«ስልክ እያለ ምን አደከመን?» የሚል ይኖራል። ባለፈው በጋ ጀመዓው ለሽርሽር ወጥቶ ዙህር ሲገባ ሦስት ስልክ ወጣ። ሦስቱም ቂብላን በተለያየ አቅጣጫ አሳዩ። ከመኪና አጠገብ ቆመው ስለነበር ብረቱ ሳያሳስታቸው አልቀረም። ክርክሩ ሲጦፍ አንድ አባት ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ዙህር ሲገባ ፀሐይ እዚህ አገር በደቡብ በኩል ናት፤ ከስቶክሆልም መካ ደግሞ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምስራቅ ታዘነብላለች። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው ትንሽ ወደ ግራ ዞሩ፤ አለቀ። አዲስ አበባ ላይ ወደ ሰሜን የሚሰግድ ሰው እዚህ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? አል-ቢሩኒ የጋዝናን ቂብላ ለማወቅ ሲል ስለ ከተሞች ርቀትና አቀማመጥ መጽሐፍ የጻፈው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። አቅጣጫ ማወቅ የሰው አገር ዕውቀት አይደለም ለማለት ያህል ነው።

እህቶችም አለባበስን አንስተው ጠይቀውኛል። የሚገርመው ይህ ስፖርት ለረጅም ዓመታት ሰውነትን መሸፈን ደንቡ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በስዊድን ሯጮች መካከል በጭረትና በቁስል የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ተስፋፍቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ስለያዘ እግርና ክንድ እንዲሸፈን ተደረገ። ረጅም እጅጌና ሰፊ ሱሪ የለበሰች ሴት እዚያ እንግዳ አትሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሐፍረቱ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው ጀማሪ ሲሆን ሰው ምን ይለኛል ይላል። በመድረሳ ማታ ማታ ትላልቅ ሰዎችን አቀራለሁ። አርባ አምስት ዓመቱ ላይ ቃዒዳ ይዞ «አሊፍ፣ ባ» የሚል ወንድም ሲመጣ ማንም አይስቅበትም፤ ቦታ ለቀን እናስቀምጠዋለን። ያንን ክብር ለካርታው ለምን ነፈግነው? መስጂዶቻችንም ስፖርት ሲሉ የጎረምሶች እግር ኳስ ብቻ ያዘጋጃሉ፤ አባቶች ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። በዓመት ሁለት ቅዳሜ ወላጅና ልጅ አንድ ካርታ ይዘው የሚወጡበት ፕሮግራም ቢጨመር ወጪው የአውቶቡስ ቲኬት ያህል ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ በየሰፈሩ ክለብ አለ፤ ለጀማሪ የሚሆን አጭርና ቀላል መስመር ያዘጋጃሉ። በዚህ አገር ሕግ ማንም ሰው ንብረት እስካላበላሸ ድረስ ጫካ መግባት ይችላል፣ ስለዚህ «ያስከስሰን ይሆን» ብላችሁ አትስጉ። ከልጃችሁ ጋር ስትሄዱ መጀመሪያ እሱ ይምራ፣ በሚቀጥለው ነጥብ እናንተ። ሲመሽ ስለሚበርድ ልብስ ደርቡ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ከጉልበት ጀርባና ብብት አካባቢ መዥገር ፈትሹ፤ በስቶክሆልም ዙሪያ በሽታ የሚያስተላልፍ አለ፣ ክትባቱንም ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።