ማሽን ሁሉ አውቶሜሽን አይደለም

ሰሞኑን ሁሉ ነገር «አውቶሜሽን» ሆኗል። ወረቀት ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ? አውቶሜሽን። አዲስ ማሽን ተገዛ? አውቶሜሽን። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነውና ቃሉን በየቀኑ እሰማዋለሁ። የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ቃሉ ሲምታታ ተጠያቂውም አብሮ ይጠፋል።

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። መኪናው መርፌውን ያመላልሳል፤ ጨርቁን የሚያዞረው፣ ክር ሲበጠስ የሚያቆመው፣ ስፌቱ ሲጣመም የሚያርመው ግን ልብስ ሰፊው ነው። ጉልበቱ ብቻ ወደ ማሽን ሲሄድ ሜካናይዜሽን ይባላል። ማየቱና ማረሙም ሲሄድ ነው አውቶሜሽን የሚሆነው። የጃፓኑ ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሠርቶ ነበር። ልዩነቱ እዚያች ላይ ናት። ቃሉ ራሱ የተለመደው በኋላ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 የአውቶሜሽን ክፍል ሲያቋቁም ነው።

«ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ! የሐረር ልጅ ስፌት ልማር ሲል «ተወው፣ ሮቦት ሊወስደው ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልከቱ፤ ዘመናዊ ነው፣ ሆኖም ልብሱን የሚሰፉት በየመኪናው ላይ የተቀመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ ይንሸራተታል፤ እንደ ብረት አንዴ ተይዞ አይቆምም። ሮቦትን ያስቸገረው ይህ ነው። ቢራ ግን ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ይለካል፣ ጠርሙሱ ይቆጠራል። ሃይኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገዛው የሐረር ቢራ ያለ ፋብሪካ ለአውቶሜሽን የሚመቸው ለዚህ ነው።

የመኪና ግርግርን ልብስ ሰፊ ገበያ የሚሻማው ሮቦት ሳይሆን ሌላ አገር በሌላ ሰው እጅ ተሰፍቶ በርካሽ የሚገባ ልብስ ነው። ይሄ የደመወዝና የቀረጥ ጥያቄ ነው፤ የሚወስነውም ሰው ነው። «ቴክኖሎጂ አመጣው» ስንል ውሳኔውን ከሰው ትከሻ አውርደን ማሽን ላይ እንጭናለን። ማሽን ደግሞ አይጠየቅም።

ስለዚህ «አውቶሜት አድርገናል» ሲሏችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሲበላሽ የሚያየው ማነው? መልሱ «አንድ ሠራተኛ አለ» ከሆነ፣ ሥራውን ማሽኑ ሠራው አይባልማ! የሠራተኛው ዋጋ ይከፈለው።