ናዳ ሳይናገር አይመጣም

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ዘገባ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የድንጋይ ካባ ሄጄ ነበር። ወጣቶቹ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ይፈልጣሉ። አንዱን «ሊናድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። ከላይ ጠጠር መርገፍ ሲጀምር እንደሚሮጡ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ልጁ አልተሳሳተም። የጠጠር መርገፍ የማዕድን መሐንዲሶችም የሚከታተሉት ምልክት ነው። ችግሩ ለእሱ የተረፈው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ያው ምልክት ከሳምንታት በፊት ይታወቃል።

አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ቢንግሃም ካንየን የሚባል ግዙፍ የመዳብ ማዕድን አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2013 ማታ 3:30 ገደማ የጉድጓዱ አንድ ጎን ተናደ። ከሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ደገመ። በድምሩ ከ130 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይና አፈር ወረደ። ከአስር በላይ ግዙፍ መኪናዎች ተቀበሩ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም፤ አንድም ሰው እንኳ አልቆሰለም። ምክንያቱም ግድግዳው መንቀሳቀስ መጀመሩን ራዳርና ሌሎች መሣሪያዎች ከሳምንታት በፊት መዝግበውት ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ሥራው ቆመ፣ ሠራተኛው በሙሉ ወጣ።

አሁን ወደ ቻይና እንሂድ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2023 በውስጣዊ ሞንጎሊያ ግዛት አንድ ክፍት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተንዶ 53 ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው በኋላ በተደረገው የመንግሥት ምርመራ፣ ቁፋሮው በዲዛይኑ መሠረት አልተሠራም። እርከኖቹ ተጣምረው ግድግዳው ከሚችለው በላይ ቀጥ ብሏል። የመንሸራተት ምልክት እየታየም ሠራተኞቹ እንዲወጡ አልተደረገም።

ሁለቱም ተራራ ተናደ። አንዱ ጋ ዜሮ፣ ሌላው ጋ 53። ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ምልክቱን አይቶ «አቁሙ» የሚል ሰው መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ለምንድን ነው ታዲያ ግድግዳው ቀጥ እንዲል የሚፈለገው? መልሱ ገንዘብ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 300 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቡ። ግድግዳውን ከ45 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ብናጋድመው የጉድጓዱ አፍ 57 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ግድግዳው 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ካለው፣ ይህ ማለት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ምንም ወርቅ የሌለው ድንጋይ ተጨማሪ ቆፍሮና ጭኖ ማውጣት ነው። አምስት ዲግሪ ብቻ! ስለዚህ እያንዳንዷ ዲግሪ በባለሀብቱ ትርፍና በሠራተኛው ሕይወት መካከል የሚደረግ ድርድር ናት። በድርድሩ ላይ ደግሞ ሠራተኛው አይቀመጥም።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። ለገደምቢ ወርቅ የሚወጣው ከክፍት ጉድጓድ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ኩርሙክ ላይ ያለው ትልቁ የወርቅ ፕሮጀክትም በክፍት ጉድጓድ የሚሠራ ነው። ስለ ወርቅ ስንዘግብ ግን እኛ ጋዜጠኞች የምንጠይቀው ስንት ኪሎ ወጣ፣ ስንት ዶላር ገባ የሚለውን ነው። ግድግዳው ስንት ዲግሪ ነው፣ ማን ይለካዋል ብለን ጠይቀን አናውቅም። እኔም ጭምር።

ቆሼን አንርሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንሸራቶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ቆሼ ማዕድን አይደለም፤ ግን ተዳፋት ነው። ከልክ በላይ የተከመረ ተዳፋት ማዕድን ይሁን ቆሻሻ አይመርጥም።

«ድሃ አገር ራዳር ከየት ታመጣለች?» የሚል አይጠፋም። በቢሊዮን የሚነግድ የወርቅ ማዕድን ራዳር መግዛት አያቅተውም። ለድንጋይ ካባ ደግሞ ራዳር አያስፈልግም። ግድግዳውን በአንዴ ከማቆም በእርከን መቁረጥ፤ ከሥር እየቦረቦሩ አለመግባት፤ የክረምት ውሃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን እንዳይገፋው ከላይ ቦይ መቆፈር፤ ስንጥቅ ከታየ በግራና በቀኝ ችካል ተክሎ ርቀቱን በየቀኑ በሜትር መለካት። ሁለት ችካልና አንድ ሜትር ስንት ብር ነው?

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥልጣን ነው። የሚለካው ባለሙያ አለቃውን ሳያስፈቅድ ሥራ ማስቆም ካልቻለ ልኬቱ ወረቀት ብቻ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን በውሉ ውስጥ ያስገባ፤ የተዳፋቱን ክትትል ውጤትም ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።

ያ የካባው ልጅ ዛሬም ጠጠር እያዳመጠ ይሆናል። ጆሮው ብቻ መሣሪያው ሆኖ መቅረት የለበትም።