ብል የሚፈራው ፀሐይን ነው

በየቤታችን የበዓል ልብስ የተቀመጠበት ሻንጣ ሲከፈት ቀድሞ የሚቀበለን የናፍታሊን ሽታ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህ ልማድ ይቅር እንላለን። ምክንያታችንም የብል አኗኗር ነው።

ሳይንቲስቶች ቲኔኦላ ቢሴሊኤላ የሚሉት ብል ክንፉ ሲዘረጋ ከ9 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ወርቃማ ትንሽ የእሳት እራት ነው። ሲበር የምናየው ምንም አይበላም፤ ልብስ የሚበላው ትሉ ነው። ሴቷ 40 እና 50 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ትሉ እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከአንድ ወር ገደማ እስከ 2 ዓመት በጨለማ ሊቆይ ይችላል። ምግቡ ሱፍ፣ ጠጉርና ላባ ነው። ስለዚህ በርኖስና የመንዝ ባና ይወዳል፤ የጥጥ ጋቢና ነጠላ ግን በአብዛኛው የሚጎዱት ላብ ወይም ወጥ እንደነካቸው ሳይታጠቡ ሲቀመጡ ነው።

ናፍታሊንስ? ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ይመርዘዋል። በውርስ ቀይ የደም ሴሎቹ በቀላሉ የሚፈርሱበት ሕፃን ደግሞ ናፍታሊን በነካው ልብስ በመጠቅለሉ ብቻ በጠና ሊታመም ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ከገበያ ያገደው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ታዲያ ልብሱ ይለቅ?» ለምትሉን እናቶችና አባቶች መልስ አለን። ልብሱ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይቀመጥ። በየወሩ ወጥቶ ይራገፍ፤ ኪሱና ስፌቱ ይቦረሽ፤ ፀሐይ ይምታው። ትሉ ብርሃን ይሸሻል፤ እንቁላሉም ሲቦረሽ ይረግፋል። የሐርጌሳ ፀሐይ ገንዘብ አይጠይቅም። የማራገፉን ሥራ ለእኛ ተዉልን።