የዕዳ ደብዳቤ አይደበቅ

በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ አይጠፋም። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለሆነ ወላጆቻችን እኛ ከዩኒቨርሲቲ እስክንመለስ ያስቀምጡታል፤ እኛም ፈተና አለብን ብለን እናሳድረዋለን። አንዳንዱ ተራ ማስታወቂያ ነው። አንዳንዱ ግን የሆጻአ ላፖዓል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ባደረ ቁጥር ወለድና የጠበቃ ክፍያ ይጨመርበታል።

ከመካከላችን አንዷ ለትምህርት ክፍያ ብድር ጠይቃ ተከለከለች። ለምን ብላ ስትጠይቅ «ሲስተሙ አልፈቀደም» ከማለት በቀር ያስረዳት ሰው አልነበረም። ከወራት በኋላ የአሽራይ ዘገባዋን ስታወጣ፣ ከፍላ የጨረሰችው ዕዳ እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ አገኘችው። ደረሰኙን ስላልጣለችው ተስተካከለላት። እኛን ያሳሰበን ግን ስሕተቱ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ወራት ሁሉ «ያው እኛን ስለማይወዱን ነው» ብላ መቀመጧ ነው። አድልዎ መኖሩን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ ኖረንበታል። ነገር ግን ስለ እኛ የተጻፈውን ሳናነብ አድልዎውን ከስሕተቱ መለየት አንችልም።

በ2016 የወጣው የአሽራይ መረጃ ሕግ በ2019 ሥራ ላይ ሲውል፣ የእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ብድሩ፣ የዘገየው ክፍያ፣ የሆጻአ ላፖዓል ፋይሉ፣ በተመለሱ ቼኮች ምክንያት ሙግባል የሆነው የባንክ ሒሳብ ሁሉ እዚያ ይገባል። ማሽካንታ ስንጠይቅ አበዳሪው የሚያየን በዚህ መስታወት ነው።

ይኸው ሕግ ለእኛም መብት ሰጥቶናል። ዘገባችንን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ማግኘት እንችላለን፤ በኢንተርኔት፣ ወይም በኮከብ 6194 ደውሎ መጠየቅ ነው። የራስን ዘገባ ማየት ስምን አያበላሽም። ስሕተት ካለበት ለእስራኤል ባንክ የማስተካከያ ጥያቄ ይቀርባል፤ መረጃውን የሰጠው ድርጅትም ጉዳዩን መመርመር አለበት። ስለዚህ ደረሰኝና የዕዳ መዝጊያ ወረቀት አንጣል።

«ዕዳህን ከሲስተም እናጠፋልሃለን» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ አንክፈል። ስሕተት የሆነው ያለ እነሱም ይታረማል፤ እውነት የሆነውን ደግሞ እነሱም አያጠፉትም። እውነተኛው መዝገብ የሚጠገነው ተስማምቶ በመክፈልና ከዚያ በኋላ በጊዜው በመክፈል ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይጠገናል።

ስለ ዋስነትም እንነጋገር። «ዘመድህ ነው፣ ፈርምለት» ሲባል እምቢ ማለት ለእኛ ከባድ ነው። ዘመድን መርዳት ያሳደገን ባህል ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ዘመድ መክፈል ሲያቅተው ባንኩ የሚመጣው ወደ ዋሱ ነው። ለዘመድ መፈረም የቻለ ሰው «ወንድሜ፣ ስንት ነው? በወር ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ መጠየቅም ይገባዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ ወላጆቻችን። ዕዳም እንደዚያው ነው። የዩኒቨርሲቲን ጽሑፍ የሚያነብ ዓይን የእናትና የአባቱን ደብዳቤ ማንበብ ሊያቅተው አይገባም። በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት፣ ሻባት ሳይገባ፣ ቡናው ሲፈላ መሳቢያውን እንክፈተው። ወላጆቻችንን ሳንቆጣና ሳናሳፍር፣ አብረን እናንብብ።