ቦካፕ፦ ግድግዳው ቅርስ ሆኗል፣ ነዋሪውስ?

ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ውስጥ፣ ከሲግናል ሂል ኮረብታ ጎን የተቀመጠና ቴብል ቤይ የተባለውን ባሕረ ሰላጤ ቁልቁል የሚያይ አንድ የሙስሊሞች ሰፈር አለ። ቦካፕ ይባላል። ዌል ስትሪት በተባለው መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው በጥቂት ደቂቃ የእግር ጉዞ የከተማዋ እምብርት ላይ ይደርሳል። ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀቡትን ቤቶቹን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። ፎቶው የማያሳየው ግን ከእነዚያ በሮች ጀርባ ስንት ሰው ዛሬም አዛን ሲሰማ ተነስቶ ወደ መስጂድ እንደሚሄድ ነው።

የሰፈሩ ሰው ለዓመታት ሲጨነቅበት የቆየው ጉዳይ ይኸው ነው። ለባሕር ቅርብ፣ ለመሐል ከተማ ቅርብ፣ ታሪክ ያለው፣ ለዓይንም የሚያምር ቦታ ዋጋው የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። ዋጋው ሲወጣ ለትውልድ የኖረው ቤተሰብ ይሸጣል፤ ገዢው ብዙ ጊዜ ከሰፈሩ ውጭ የሚመጣ ባለሀብት ነው፤ ቤቱም አንዳንዴ መኖሪያነቱ ቀርቶ በቀን ለቱሪስት የሚከራይ ማረፊያ ይሆናል። መንግሥት በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰፈሩን በቅርስነት ጠብቄዋለሁ ብሏል። በእኔ እይታ የጠበቀው ግድግዳውን ነው። ሰዎቹ ይቆዩ አይቆዩ የሚወሰነው በሌላ ቦታ ነው፤ አባት ሲሞት ወራሾች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ሰፈሩ አመጣጥ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የኔዘርላንድ ሕንድ ኩባንያ ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ፣ ከሲሎንና ከምሥራቅ አፍሪካ ባሪያዎችን፣ የፖለቲካ እስረኞችንና ግዞተኞችን ወደ ኬፕ ያመጣ ነበር። እስልምናን በአደባባይ ማምለክ ክልክል ነበር፤ የሃይማኖት ነጻነት የታወጀው በ1804 ነው። ከግዞተኞቹ አንዱ ቱዋን ጉሩ በሚል የሚታወቁት የቲዶሬው ዓሊም ናቸው። በኋላ ማንዴላ በታሰሩባት በሮበን ደሴት ታስረው ቁርኣንን ከቃላቸው ጽፈዋል። ከእስር ሲወጡም በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የአወል መስጂድ በኢማምነት መሩ። የመስጂዱ ምሥረታ በ1794 እንደሆነ ይነገራል።

መስጂዱ የቆመበትን ቦታ ታሪክ ልብ በሉልኝ። ዶርፕ ስትሪት ላይ ያለውን ይህን ቦታ የገዙት ኮሪዶን ቫን ሴይሎን የተባሉ፣ ነጻ የወጡ ሙስሊም ባሪያ ናቸው። ንብረቱ በውርስ ወደ ልጃቸው ሳርኪ ቫን ደ ካፕ ተሻገረ፤ እሳቸውም ለመስጂድነት ሰጡት። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ አንዲት የባሪያ ልጅ! የኬፕ እስልምና መቆሚያ ያገኘው አንድ ቤተሰብ በስሙ የተመዘገበ መሬት ስለነበረውና ያንን መሬት ከገበያ አውጥቶ ለአላህ ስለሰጠው ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ሰዎች አፍሪካንስ የተባለውን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ የወሎ መሻይኾች አማርኛን በዓጀም እንደጻፉት ማለት ነው።

የአፓርታይድ ዘመን ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ትቶ አልፏል። በ1950 የወጣው ሰፈሮችን በዘር የሚከፋፍለው ሕግ ቦካፕን «የማላዮች» ብሎ ከለለው። ከሙስሊሞቹ ጋር ለዘመናት የኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች ከሰፈሩ ወጡ። በአንጻሩ ከመሐል ከተማው ማዶ ያለው ዲስትሪክት ሲክስ በ1966 «የነጮች» ተብሎ ከ60,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ቦካፕ ግን ቆመ። ዘረኛው ሕግ ሳያስበው ለሰፈሩ አጥር ሆነለት፤ ሌላ ዘር መግዛት ስለማይችል ዋጋው ዝቅ ብሎ ቆየ። በ1991 ሕጉ ሲሻር አጥሩም አብሮ ፈረሰ። ለሕጉ መሻር አልሐምዱሊላህ እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ግን የኬፕታውን መምህር፣ ልብስ ሰፊና ጡረተኛ ከዓለም አቀፍ ገንዘብ ጋር በአንድ ገበያ ቆመ።

እዚህ ላይ የኛ አንባቢ አንድ ልዩነት ማስታወስ አለበት። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ቤቱም መሬቱም የግል ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ዓመታዊ የንብረት ግብርም የሚሰላው ቤቱ በገበያ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ነው። ጎረቤትህ ያለው ቤት በውድ ሲሸጥ፣ አንተ አንድ ጡብ ሳትጨምር ያንተም ቤት ግምት ይወጣል፤ ግብሩም ይከተላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ጡረተኞች ቅናሽ ቢኖርም፣ የማይሸጠው ሰው ባለመሸጡ የሚከፍለው ነገር አለ።

ሆኖም ከግብሩ ይልቅ ቤትን ከቤተሰብ የሚያስወጣው ውርስ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባት ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። ሀብቱ ቤቱ ብቻ ነው። በሸሪዓው ክፍፍል ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች። የቀረው ሰባት ስምንተኛ ለልጆቹ፣ ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ሆኖ ሲከፋፈል፣ እያንዳንዱ ወንድ ሁለት ስምንተኛ፣ እያንዳንዷ ሴት አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል። አሁን ታናሽቱ ልጅ እናቷን እየጦረች እዚያው ቤት ትኖራለች። ቤቱ ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ራንድ ቢገመት የእሷ ድርሻ 500,000 ነው። እናቷ ድርሻዋን ብትተውላት እንኳ ለወንድሞቿና ለእህቶቿ 3 ሚሊዮን ራንድ ማግኘት አለባት። ከየት? ወንድሞቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከከተማው ዳር በዕዳ የሚኖሩ፣ ልጅ የሚያስተምሩ፣ አላህ የሰጣቸውን ሐቅ የሚጠይቁ ናቸው። ቤቱ ይሸጣል። ማንም ኃጢአት አልሠራም፤ ሰፈሩ ግን አንድ ቤተሰብ አጥቷል።

«ሐላል ብድር የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። አልባረካ ባንክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ይሠራል፤ ትላልቆቹ ባንኮችም ኢስላማዊ መስኮት ከፍተዋል፤ የግብር ሕጉም ሙራበሓንና እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካን ያውቃል። ይህ ከሪባ መዳኛ ነው፤ ትልቅ ኒዕማም ነው። ግን የዋጋ መድኃኒት አይደለም። የጡረተኛ ልጅ 3 ሚሊዮን ራንድን በወለድም በሙሻረካም መክፈል አትችልም።

በ2018 ረመዷን ነዋሪዎቹ መንገድ ላይ ወጥተው በጋራ አፈጠሩ፤ መንገድ ዘግተው ጎማ አቃጥለውም ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ግንባታ ቦታ የሚገባ ክሬን ለማስቆም የቆሙትን፣ አሮጊቶች ጭምር፣ ፖሊስ በኃይል በተነ። ጩኸቱ ሰሚ አግኝቶ በ2019 ከተማው የቅርስ ጥበቃ ክልል አጸደቀ፤ ብሔራዊው መንግሥትም 19 ቦታዎችን ብሔራዊ ቅርስ አደረገ። ጥቅሙን አላሳንስም። ያለ ፈቃድ ማፍረስ፣ ከሰፈሩ ጋር የማይሄድ ሕንፃ ማቆም ከባድ ሆኗል። ነገር ግን የቅርስ ሕግ ሻጭና ገዢ ሲፈራረሙ የሚለው ነገር የለም። እንዲያውም «የተጠበቀ ታሪካዊ ሰፈር» ማለት ለደላላው ተጨማሪ ማስታወቂያ ነው።

ታዲያ ፊቅሃችን ምን አለው? ሁለት በሮች አሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንዱ ሹፍዓ ነው፤ አንድ ንብረት ለባዕድ ሲሸጥ በዚያው ዋጋ ቅድሚያ የመግዛት መብት። የኬፕ ሙስሊሞች አብዛኞቹ ሻፊዒይ ናቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ መብት ያልተከፋፈለ ንብረት ሸሪክ ለሆነ ብቻ ነው። ሐነፊዮች ለጎረቤትም ይሰጣሉ። (ሁለቱም መዝሀቦች እኛም አገር ስለሚቀሩ ልዩነቱ ለደረሶቻችን አዲስ አይሆንም።) ፍርድ ቤቱ ሹፍዓን ስለ ሸሪዓ ብሎ አያስፈጽምም፤ ወራሾች ቅድሚያ የመግዛት መብትን በውል ቢያስገቡት ግን ሕጉ ያከብረዋል። ችግሩ ሹፍዓ ቅናሽ አለመሆኑ ነው፤ ባዕዱ በሚከፍለው ዋጋ ነው የሚገዛው። የሰፈሩ ጀመዓ የጋራ ገንዘብ ከሌለው መብቱ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛውና እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርግበት ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ወቅፍ ሲያደርጉ፣ መሬቱ የማይሸጥ፣ የማይሰጥ፣ የማይወረስ ሆኖ ፍሬው ብቻ እንዲከፋፈል ነበር። ቤትም እንዲሁ ለዘር መኖሪያነት ወቅፍ ሊሆን ይችላል። ግን መቼ? ሰውየው ጤነኛ ሳለ። በሞት አፋፍ ላይ የተደረገ ወቅፍ እንደ ኑዛዜ ስለሚታይ ከሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽ ከሆነም የሌሎቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላም አለ፦ ብዙ አዛውንት «እስክሞት ልኑርበት፣ ከዚያ ለልጆቼ ወቅፍ ይሁን» ይላሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ በጠነከረው አቋም ሰው ለራሱ ወቅፍ ማድረግ አይችልም፤ ከሐነፊዮች አቡ ዩሱፍ ግን ይፈቅዳሉ። የኬፕ ዑለማዎች በዚህ ላይ ለሕዝቡ ግልጽ መንገድ ቢያወጡለት ከአሥር ሰላማዊ ሰልፍ ይበልጣል ባይ ነኝ። የደቡብ አፍሪካ ሕግ የሚያውቀው ትረስት የተባለው የአደራ አያያዝም ለወቅፉ ሕጋዊ መልክ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ። የቤተሰብ ወቅፍ በታሪካችን ሴት ልጆችን ከውርስ ለማስቀረት መሣሪያ የሆነበት ጊዜ አለ። ወቅፉ «ለወንዶች ልጆቼ» ተብሎ ከተጻፈ ሰፈሩን ያዳነ ቢመስልም በደል ነው። ከላይ ያልናት እናቷን የምትጦረው ልጅ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ትሆናለችና።

የሸጡትን መውቀስም አልወድም። ቤት መሸጥ ሐላል ነው። ባሏ የሞተባትን እናት «ለሰፈሩ ታሪክ ስትይ ድህነቱን ቻይው» የሚላት ሰው መጀመሪያ የግብሯን ደረሰኝ ይክፈልላት። ደግሞም ዓላማው ሌላ እምነት ያለው ሰው እንዳይገባ መከልከል መሆን የለበትም፤ ያንን አፓርታይድ ሞክሮታል። ዓላማው የነበረው ሰው ሳይፈልግ እንዳይወጣ ነው።

ከሰፈሩ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ታና ባሩ የተባለው መቃብር አለ። መንግሥት በ1886 ሲዘጋው 3,000 ገደማ ሙስሊሞች ትእዛዙን ጥሰው አንድ ሕፃን እዚያው ቀብረዋል። ቱዋን ጉሩም የተቀበሩት እዚያ ነው። ባሕሩ ከዚያ ላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ ገበያው ቢያገኘው ስንት እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም። ዛሬም መቃብር ነው። ከግርጌው ያሉት ቤቶች ግን የየራሳቸው ካርታ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ገና ያልተጻፈ ኑዛዜ ይጠብቃሉ።