የፖሊሱ ፈተና የት ይሁን?

በመካከላችን ክርክር በተነሣ ቁጥር ‹‹ፖሊሶች ይሠልጥኑ›› የሚለው ቃል ለሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆኖ ይቀርባል። አእምሮው የታወከ ሰው በመንገድ ላይ ሲጮኽና ሲወራጭ ፖሊስ እንዴት እንደሚይዘው ይማር ማለት መልካም ነው፤ አልቃወምም። ግን ባልንጀሮቼ፣ ትምህርቱ መጥቀሙን በምን እናውቃለን?

አብዛኛውን ጊዜ መለኪያው ወረቀት ነው። ከትምህርቱ በፊት ጥያቄ ይቀርባል፤ በኋላም ያው ጥያቄ ይደገማል፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ሁሉም ወደየጣቢያው ይመለሳል። ለፈተና አጥንቶ በማግሥቱ መርሳት ምን እንደሆነ ከእኛ ከተማሪዎች የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

በዚህ ሥራ ስሟ የሚነሣው የአሜሪካ ከተማ ሜምፊስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 ቢላዋ የያዘ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ወጣት በፖሊስ ጥይት ስለ ሞተ፣ በ1988 ፈቃደኛ ፖሊሶችን እየመረጡ ለ40 ሰዓት ማሠልጠን ጀመሩ። ብዙ ከተሞች ተከተሏት፤ ተመራማሪዎችም መረመሩ። የሠለጠኑት ፖሊሶች ስለ ሕመሙ ያላቸው ዕውቀትና አመለካከት ይሻሻላል፤ የሚጎዳው ሰው መቀነሱ ግን በሚያጠግብ ማስረጃ አልተረጋገጠም። ደግሞም የሜምፊስ ሥራ ግማሹ ከክፍል ውጭ ነበር፤ ፖሊሱ ሕመምተኛውን ሲያመጣ በማናቸውም ሰዓት ሳይመልስ የሚቀበል ሆስፒታል ነበረ። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ወደ ላፍቶ እንምጣ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በጀሞ ወይም በሃና ማርያም አንድ ልጅ ሕመሙ ቢነሣበት፣ ጎረቤት ተረባርቦ በገመድ ያስረውና ፖሊስ ይጠራል። እንበልና የመጣው ፖሊስ የሠለጠነ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹አይዞህ ወንድሜ፤ ማንም አይነካህም›› አለው፤ ገመዱንም አስፈታ። ከዚያስ? ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ያለው በመርካቶ በኩል ነው። መኪና ከሌለ፣ የሚቀበለው ሐኪም አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ያ ደግ ፖሊስ የሚያውቀው በር አንድ ነው፤ የጣቢያው በር።

ሕጋችን በዚህ አይታማም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የሥራውን ውጤት ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል እንደማይቀጣ ይናገራል። ይህ ግን የዳኛ ነገር ነው፤ ዳኛ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ጀሞ አይገኝም።

ስለዚህ ሥልጠናውን የሚመዝኑ ሰዎች የክፍሉን ነጥብ ትተው የጣቢያውን መዝገብ ይግለጡ። በወሩ ለስንት ሕመምተኛ ተጠሩ? ስንቱ ሐኪም ዘንድ ደረሰ? በስንት ሰዓትስ? ስንቱ እስር ክፍል አደረ? ማን ቆሰለ? (ፖሊሱም ይቆጠር፤ እርሱም የሰው ልጅ ነው።) ከዚያም የልጁን እናት ይጠይቁ፤ በሚመጣው ጊዜ ፖሊስ ትጠራለች ወይስ ገመዱን ታጠብቃለች?