ወንበሩ ወይስ በሬው?

ወንበሩ ይቅደም

በደጋው አገር አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ እርከን ለመሥራት ወደ ተራራው ሲወጣ ሴቶቹም ድንጋይ ተሸክመው አብረው ይወጣሉ። እርከኑ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ግጦሽ ከንክኪ ነፃ እንደሚሆን የሚወስነው የተፋሰስ ኮሚቴ ግን በአመዛኙ የወንዶች ነው።

ጉዳቱን በኩበት ላሳይ። መሬታችንን ካራቆቱት ነገሮች አንዱ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት ምድጃ ውስጥ መግባቱ ነው። ስብሰባው «ኩበት አታንድዱ፣ ኮምፖስት አዘጋጁ» ብሎ ይበተናል። እንጀራው በምን ይጋገር? ይህን የምትጠይቀው ኩበቱን የምትጠፈጥፈው ሴት ናት። እሷ ሊቀመንበር ብትሆን ነገሩ የሚጀመረው ለማገዶ ከሚተከለው ዛፍና ከማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ነው፤ ኮምፖስቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «መጀመሪያ ሀብት ታፍራ፣ ከዚያ ትምራ» የሚሉ አሉ፤ ወንዶቹን ስንመርጥ ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጥንም።

በሬው ይቅደም

ወንድሜ ስለ ኩበቱ ያሉት እውነት ነው። እኔ የምፈራው ወንበሩ ባዶ እጇን ላለች ሴት እንዳይሰጥ ነው።

ባል የሌላት እማወራ እርፍ እንድትጨብጥ ልማዱ አይፈቅድላትም፤ ብዙውን ጊዜ ጥማድ በሬም የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹ የሚያስበው የዘንድሮውን ምርት ነው። እርከን ቦታ ይሻማዋል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣዋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከጥጉ እየገመሰ ያርሰዋል። «ተው» ብትለው ለከርሞ አራሽ ታጣለች። በገዛ ማሳዋ ያለውን እርከን ማስከበር ያልቻለች ሴት የመንደሩን ሁሉ እርከን እንዴት ታስከብር? ያው አራሽ ከብቱን ወደ ተከለለው ግጦሽ ቢለቅ እንዴት አድርጋ ትቀጣዋለች?

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዟል። ከባሏ ስትፋታ ድርሻዬ ብላ የምትቆምበት ሰነድ አገኘች፤ ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ግን አያርስም። አስቀድሞ እማወራዎች በብድር በሬ ይግዙ። በሬ ያላት ሴት አራሽ ቀጥራ «እርከኑን እንዳትነካ» ብላ ታዛለች። በሬ ለሌላት ደግሞ የእኩል ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ እርከን ያፈረሰ አራሽ ውሉ ይፍረስበት። የጊዜም ጉዳይ አለ፦ ውኃ ቀድታ፣ ጋግራ፣ አርማ የዋለች ሴት ላይ አበል የሌለው ኃላፊነት መጫን ክብር አይመስለኝም።

አጭር መልስ

እኅቴ፣ ያሉት ውል ያስፈልጋል፤ አልከራከርም። እርከን ያፈረሰ ይቀጣ የሚለውን ደንብ ግን የሚያረቀው ያው ኮሚቴ ነው። በውስጡ በሬና ጉልበት ያላቸው፣ የሌሎችን መሬት በእኩል የሚያርሱ ወንዶች ተቀምጠዋል። በራሳቸው ላይ ቅጣት እንዲጽፉ እስከ መቼ እንጠብቅ?